ቅዳሜ ቅዳሜ እርሳስ የሚያቀልጠው ባሌ

ባለፈው ሳምንት ገበያ ወጥቼ ቲማቲም ስመርጥ፣ አጠገቤ ማር የሚሸጥ ሆላንዳዊ በትንሽ ድስት የንብ ሰም እያቀለጠ ለልጆች ሻማ ያሠራ ነበር። ሽታው ድንገት መጣብኝ። የኛ ሰው ይህ ሽታ ሲሸተው ትዝ የሚለው ጧፍና ቅዳሴ ነው። እኔ ግን ቲማቲሙን በእጄ እንደያዝኩ ደርቄ የቀረሁት፣ ባሌን ከሌላ ሴት ጋር እጅ ከፍንጅ ልይዘው ከሮተርዳም እስከ ዴን ሃግ የተከተልኩበት ቅዳሜ ትዝ ብሎኝ ነው። «ሜፍራው፣ እመቤቴ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ ሻጩ። ደህና ነኝ አልኩት። ለምን እንደጠየቀኝ ግን አልገባኝምና ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ ይዤ ሄድኩ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልናገር፤ ተጠራጣሪ ሴት ነኝ። ሥጋ ሻጭ አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ ሲያሳርፍ ከሩቅ ይታየኛል። ሐኪም «ምንም የለብዎትም» ሲለኝ፣ ምን ደብቆኝ ይሆን እያልኩ ነው ወደ ቤቴ የምመለሰው። ልጄ ሊያ «ማማ፣ አንቺ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ» ትለኛለች። ፖሊስ ግን የሚጠረጥረው ደመወዝ እየተከፈለው ነው፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በነፃ ነው የሠራሁት።

ያ ዘመን የጊልደር ዘመን ነው፤ ዩሮ የሚባል ነገር ገና አልመጣም። የምንኖረው ሮተርዳም ዙይድ በሚባለው ሰፈር፣ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ አሮጌ የኪራይ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሶፋችን ሰው የጣለው፣ ምንጣፋችን ሰው የጣለው፣ ቴሌቪዥናችንም ሰው የጣለው ነው፤ ጎኑን በጥፊ ካልመቱት ሥዕል አይሰጥም። ጥግ ላይ የቱርክ ዳቦ ቤት ነበረ፤ ጠዋት በአንድ ጊልደር የማይሰጥህን ዳቦ ሊዘጋ ሲል በከረጢት ያሸክምሃል። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት አረንጓዴ የስልክ ሳጥን ቆሟል፤ እሑድ እሑድ ሐበሻ ይሰለፍበታል። ሳንቲም በካልሲ ቋጥረን እንመጣና «እንዴት ናችሁ? እማማ ደህና ናት?» ብለን መልሱን ሳንሰማ ሳንቲሙ ያልቃል። ዛሬ የስልክ ሳጥኑ የለም፤ ዳቦ ቤቱም ጥፍር የሚቀቡበት ቤት ሆኗል፤ ልጆቹ በየእጃቸው ስልክ ይዘው ለማንም አይደውሉም። ያን ጊዜ እኔ ትከሻው በስፖንጅ የተነሳ ቡኒ ካፖርት ነበረኝ፤ ከአሮጌ ልብስ ቤት ያገኘሁት። ስለብሰው አዛዥ እመስል ነበር። ባሌ ደምሰው ደግሞ ክረምት ከበጋ የማያወልቃት ጥቁር የቆዳ ጃኬት ነበረችው። ካሴት ማጫወቻችን ቴፕ ይበላል። አመሻሽ ላይ አንድ የትዝታ ዘፈን ከፍተን ዘፋኙ ገና ልቡን መክፈት ሲጀምር ቴፑ ይጠመጠማል፤ ደምሰው እያንዳንዱን ዙር በጣቱ እያፍታታ፣ በእስክሪብቶ እያሽከረከረ ይመልሰዋል። እኔ ብሆን ወርውሬ እጥለው ነበር። የሱ እጅ ግን ትዕግሥቱ አያልቅም፤ ያ ትዕግሥት ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ አልጠየቅኩም።

መጠራጠሩ ደግሞ የእኔ ብቻ አልነበረም። አገር ቤት መንግሥት የተለወጠበት ሰሞን ነው። የኛ ሰው ሲገናኝ ተቃቅፎ ተሳስሞ ሲያበቃ «ለመሆኑ አገር ቤት ምን ትሠራ ነበር?» ይባባላል። ጥያቄው የወዳጅ ይመስላል፤ አይደለም። እገሌ ጆሮ ጠቢ ነው፣ እገሌ ካድሬ ነበር፣ እሷ የባለሥልጣን ዘመድ ናት ይባላል። የሚገርመው፣ መላው ሮተርዳም ውስጥ አንድ ወታደር አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት የተዋጋው ማን እንደሆነ እንጃ፤ እዚህ የደረሰው ወንድ ሁሉ ወይ ተማሪ፣ ወይ አስተማሪ፣ ወይ ሹፌር ነው። ደምሰው ሹፌር ነበር። ለሠራዊቱ ዱቄትና ዘይት የሚያመላልስ ሲቪል ሹፌር። ለሆላንድ መንግሥት እንደዚያ ብሎ ነው የመኖሪያ ወረቀት ያገኘው፤ የስደተኛ መጠለያ ውስጥ ስንተዋወቅም እንደዚያ ብሎ ነው ያገባኝ። ለነገሩ መኪና ሲነዳ አይቼው አላውቅም። «የዚህ አገር መንጃ ፈቃድ ውድ ነው» ይላል። እውነትም ውድ ነው፤ ስለዚህ ያኔ ተቀበልኩት።

ሥራው ዴን ሃግ ነው፣ አገር ቤት ሄግ የምንለው ከተማ፤ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ከሰኞ እስከ ዓርብ ያጸዳል። እኔ አረጋውያንን በቤታቸው የመርዳት ሥራ፣ እዚህ ታውስዞርግ የሚሉትን፣ ገና መጀመሬ ነው። ሊያ ያገኘችውን ሁሉ አፏ የምትከትበት ዕድሜ ላይ ነበረች። አንድ ሰሞን ደምሰው ቅዳሜም ዴን ሃግ መመላለስ ጀመረ። «አንድ ሽማግሌ አግዛለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት። ሲመለስ ግን ፀጉሩ እርጥብ ነው። ጠዋት ለብሶት የወጣው ሸሚዝ ሌላ፣ ለብሶት የገባው ሌላ። ታጥቦ መጥቶ እቤት ደግሞ እስከ ክርኑ ይታጠባል። ሊያ ልታቅፈው ስትሮጥ «ቆይ፣ ቆይ» እያለ ይሸሻታል። ቦርሳውን ደጅ፣ ደረጃው ላይ ይተወዋል፤ «እንዳትነኪው» ይለኛል። ገላውን ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ ከውጭ የሚመጣ ባል ምን ማለት እንደሆነ የሚጠፋት ሴት የት አለች? በዚህ ቢያበቃ ሴት ይዟል ብዬ እቆርጥ ነበር። ጃኬቱን ሳሸተው ግን (አዎ፣ ሁልጊዜ አሸተዋለሁ) የሴት ሽቶ አይደለም። ጧፍ ጧፍ ይላል። ቤተ ክርስቲያን በስንት ልመና የሚሄድ ሰው ቅዳሜ በቀን ጧፍ ጧፍ ይሸታል!

ሆላንዳዊት ሚስት ብትሆን ሻማ ነው፣ የዕቃ ሰም ነው ብላ ታልፈው ነበር። የእኔ አፍንጫ የንብ ሰም የሚያውቀው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ሴትየዋ ወልዳለታለች፤ ሕፃኑም ክርስትና ተነስቷል፤ ጧፉ ከዚያ ነው። የእኔን ልጅ የሚሸሻት የዚያኛው ሕፃን ጠረን እንዳይገኝበት ነው። ሸሚዙን የሚቀይረው ሕፃኑ ስለሚያስመልስበት ነው። ደጅ የሚተወው ቦርሳ ውስጥ ያለው የሕፃን ልብስ ነው። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ያን ሳምንት የአረጋውያኑን ወለል እየወለወልኩ እንዴት እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ወደ ቄሱ ሄድኩ። ያን ጊዜ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን የለንም፤ ከሆላንዶች በተከራየነው አዳራሽ ነው የምንቀድሰው፤ መጋረጃውም ተነቅሎ የሚታጠፍ ነው። «አባ፣ ደምሰው ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ይመጣል እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ እሑድስ መች አየነው?»

«ሰሞኑን ክርስትና ያነሱት የዴን ሃግ ሕፃን አለ?»

መጋረጃውን ማጠፍ ትተው አዩኝ። «አስካለ፣ ምን ሆነሻል?» አሉኝ።

ጥያቄዬን በጥያቄ መመለሳቸው አልጣመኝም፤ ቄሱንም ጠረጠርኳቸው። በማግሥቱ የእኔንና የሊያን ልብስ በሻንጣ አዘጋጅቼ ከአልጋው ሥር ከተትኩ። የቤት ኪራይ ድርጅቱ ጋ ሄጄም ከልጄ ጋር ብቻዬን ለምኖርበት ቤት ተመዘገብኩ። የቀረኝ በዓይኔ ማየት ብቻ ነበር። ካየሁ እሄዳለሁ፤ ካላየሁ እቀመጣለሁ። ለራሴ እንደዚያ ቃል ገባሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሊያን ታች ላለችው ሱሪናማዊት ጎረቤቴ ሰጥቼ፣ ራሴን በሻሽ ጠቅልዬ ወጣሁ። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። ሜትሮው ወንዙን ሲሻገር በሩ አጠገብ ቆሞ ውጭ ውጭውን ያያል። ባቡር ላይ ሌላ ክፍል ገባሁ። ዴን ሃግ ደርሰን ወደ ባሕሩ በሚሄደው ትራም ተሳፈርን፤ ያን ጊዜ ቲኬቱ ስትሪፐንካርት የሚሉት እያጠፉ ማኅተም የሚያስመቱበት ረጅም ወረቀት ነበረ፤ ዓይኔን ከሱ ሳልነቅል አጥፌ ማስገባት አቃተኝና ደግ ሰው አገዘኝ። ደምሰው ለአንዲት አሮጊት ወንበር ለቀቀ። ጥሩ ሰው መስሎ ሲታየኝ ይብስ ተናደድኩ። ባሕሩ ዳር ያለው የአሸዋ ኮረብታ ሊደረስ ሲል ወርዶ የአንድ ቀይ ሸክላ ቤት ደወል ደወለ። ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሱ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ከፈቱለት። የሴትየዋ አባት ናቸው አልኩ በልቤ። ከብስክሌቶች ኋላ ቆሜ ሴትየዋ ብቅ እስክትል ጠበቅኩ። ሴት የለም። ትንሽ ቆይቶ ከጓሮው ጢስ ወጣ፤ ያ የጧፍ ሽታ አጥሩን ዘልሎ መጣ። የጓሮውን በር ገፍቼ ገባሁ።

ከእንጨት የተሠራች የዕቃ ቤት ናት፤ በሯም መስኮቷም ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጠረጴዛ ላይ የጋዝ ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ወፍራም የብረት ድስት፣ ድስቱ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ፈሳሽ። ሽማግሌው የሰም ቁራጭ ጣል ሲያደርጉበት ጢሱ ቡልቅ አለ። ባሌ አሮጌ ቱታ ለብሶ፣ የቆዳ ጓንት አጥልቆ፣ ጭልፋ ይዞ ቆሟል።

«የታለች?» አልኩት።

ጭልፋው ከእጁ ሊወድቅ ነበር። «አስካለ! ማን?»

«ሴትየዋ! ሕፃኑስ?»

«የምን ሕፃን?»

ሽማግሌው ቋንቋችን ባይገባቸውም ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፤ እጃቸውን ዘርግተው በሩ ላይ አገዱኝ። «ሚስቱ ነሽ? የትንሿ ልጅ እናት? እንግዲያው እንዳትገቢ! እርሳስ መርዝ ነው። ልብስ ላይ ያርፋል፤ እጅ ላይ ያርፋል። ሕፃን ያለበት ቤት መግባት የለበትም።» አስከትለውም ነገሩኝ። የዚህ ቤት ደንብ ነው፤ እርሳስ የነካ ሰው ሳይታጠብ፣ ልብሱን ሳይለውጥ አይወጣም፤ ቦርሳውም ልጅ ወዳለበት አይገባም። ሰሙ የሚጨመረው የቀለጠው እርሳስ ቆሻሻውን እንዲተፋ ነው። ስሌቴ ሁሉ አንድ በአንድ ፈረሰ። እፎይ ልል አፌን ስከፍት ነው ጠረጴዛው ዳር ብርድ ልብስ ላይ የተጋደመውን ጠመንጃ ያየሁት።

ሽማግሌው ኮር ይባላሉ፤ ደምሰው በሚያጸዳው መሥሪያ ቤት በረኛ ሆነው ሠርተው በዚያው ዓመት ጡረታ የወጡ ናቸው። የተወለዱት ኢንዶኔዥያ፣ አገሩ በሆላንድ እጅ ሳለ ነው። ጃፓኖች ሲገቡ ልጅ ነበሩ፤ ከእናታቸው ጋር በቀርከሃ አጥር ውስጥ ታሰሩ። የጠባቂዎቹ ጠመንጃ ይህ ዓይነቱ ነበር። «ያን ጊዜ የማየው በአፈሙዙ በኩል ነው» አሉኝ። «አሁን በሰደፉ በኩል ነኝ።» ለጃፓን ጠመንጃ የሚሆን ጥይት እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢገኝም አሮጌውን ብረትና የሽማግሌውን ትከሻ ይጎዳል። ስለዚህ እርሳስ አቅልጠው አረሩን ራሳቸው ያፈሳሉ፤ ባዶው ቀለህ ውስጥ ጥቂት ባሩድ ብቻ ጨምረው ይገጥሙታል። ጃፓኖቹ በጦርነቱ ጥድፊያ የሠሯቸው ጠመንጃዎች አፋቸው እኩል አይደለም፤ አንዱ ይጠባል፣ አንዱ ይሰፋል። ለእያንዳንዱ ልኩን አግኝቶ ወፈር ያለ አረር ማበጀት ያስፈልጋል፤ ከሳሳ እርሳሱ ብረቱን አይዝም፣ ያገኘበት ይሄዳል። ደምሰው በበሩ በኩል እያየሁት ሥራውን ቀጠለ። እንደ ጉጠት እጀታ ያለውን የብረት ቅርጽ በሻማ ጢስ አጠቆረ፤ እርሳሱን አፈሰሰበት፤ በእንጨት መታ አድርጎ ከፈተው። መጀመሪያ የወጡት የተጨማደዱ ነበሩ፤ ብረቱ ገና አልሞቀም። ወደ ድስቱ መለሳቸው። ሲሞቅ ጥርት ያሉ፣ ብርማ፣ የጣት ጫፍ የሚያክሉ አረሮች እርጥብ ጨርቅ ላይ ተራ በተራ ጠብ ጠብ አሉ። የካሴቱን ቴፕ የሚያፍታታው እጅ ነው፤ አወቅኩት። ዱቄትና ዘይት የሚያመላልስ ሰው ይህን መቼ ተማረ?

ከሰዓት በኋላ ወደ ተኩስ ክበቡ ሲሄዱ እኔም እሄዳለሁ አልኩ። ሴትየዋ እዚያ ትሆናለች የሚል ቅንጣት ጥርጣሬ ነበረኝና። ክበቡ ሽማግሌዎች የሚበዙበት፣ ግድግዳው በዋንጫ የተሞላ፣ የአተር ሾርባ የሚሸት ቤት ነው። አቶ ኮር ጠመንጃውን ከተቆለፈ ሳጥን አውጥተው ተኮሱ፤ ፈቃዱ የሳቸው ነው፤ ደምሰው የሚተኩሰው እሳቸው አጠገቡ ቆመው በእንግድነት ነው። የሳቸው ቀዳዳ ወረቀቱ ላይ ተበታትኖ ነበር። ከዚያ ደምሰው ሊተኩስ በደረቱ ተኛ። ሰደፉን ወደ ጉንጩ ሲያስጠጋ ፊቱ ላይ የነበረው ሰው ሄደ። ሌላ ቃል የለኝም፤ የማውቀው ሰው ሄደ። ትንፋሹን ያዝ ያደርጋል፤ ምላጩን ይስባል፤ ያቀባብላል፤ ደግሞ ትንፋሹን ይይዛል። ወረቀቱ ሲመጣ ቀዳዳው ሁሉ በአውራ ጣቴ ይሸፈን ነበር። አቶ ኮር ወረቀቱን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። «ሹፌር ነበርኩ ብሎኛል» አሉኝ ቀስ ብለው። «ኮሪደሩን ጠርጎ ሲጨርስ መጥረጊያውን ትከሻው ላይ ያደረገበትን መንገድ አይቼ ነው የጋበዝኩት። እኔ ሌላ አልጠይቅም።» እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ሚስቱ ነኝ።

ሴት ባለመኖሯ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ባቡር ጣቢያው እስክንደርስም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ደስታው በረደብኝ። ሴት ቢሆን ስሟን፣ ሰፈሯን አውቄ፣ ተሳድቤ፣ ሻንጣዬን ይዤ እሄድ ነበር። ይህን ግን ምን ብዬ እሰድበዋለሁ?

ሜትሮው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። «ሹፌር ነኝ አላልከኝም?» አልኩት።

«ሹፌር ነበርኩ» አለ። «ከዚያ በፊት ማሠልጠኛ ውስጥ ተኩስ አስተምር ነበር። የምንተኩሰው ወረቀት ላይ ነው። ሰው ላይ ተኩሼ አላውቅም። ይህን ብናገር ወረቀት አይሰጡኝም ብዬ ነው የተውኩት።»

ጥሩ መልስ ነው። ያን ዘመን ማንም እንደዚያ ያደርግ ነበር። ሻንጣውን ግን አልፈታሁትም፤ ሊያ ልብሱ እስኪጠባት ድረስ ከአልጋው ሥር ኖረ።

ዓመታት አለፉ። ጊልደር ሄዶ ዩሮ መጣ፤ የዳቦው ዋጋ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆነ፤ ሁሉም አልጨመርንም ብሎ ማለ፤ እኔ አላመንኩም። ባሌም ላይ እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞት ሲቃዥ ጠየቅኩት። አንድ ጊዜ ስቅለት ዕለት፣ ሲሰግድ ውሎ ጉልበቱ ተልፈስፍሶ ሳለ ጠየቅኩት። «ሹፌር ነበርኩ። ከዚያ በፊት ማሠልጠኛ ውስጥ ተኩስ አስተምር ነበር። የምንተኩሰው ወረቀት ላይ ነው። ሰው ላይ ተኩሼ አላውቅም።» ቃል አይጨምር፣ ቃል አይቀንስ። እውነት የሚናገር ሰው አንድ ነገር ይረሳል፤ ያስተካክላል፤ «አይ፣ ያ ሌላ ጊዜ ነው» ይላል። የሱ ግን እንደ አባታችን ሆይ በቃል የተጠና ነው። እኔን ያላስተኛኝ ይህ ነው። አቶ ኮር ሲሞቱ ልጃቸው ደውላ፣ ጠመንጃውን ደምሰው እንዲወስደው አባቷ ይፈልጉ እንደነበር ነገረችን። ፈቃድ ማውጣት ብቻ ነው፤ ፖሊስ ታሪክህን ያጣራል፤ ከዚያ ያንተ ነው። ያን ጠመንጃ ከመውደዱ የተነሳ ብረቱን ሲወለውል የሚያንጎራጉር ሰው «አልፈልግም» አለ። ልጅ ያለበት ቤት ጠመንጃ አይገባም አለ። ልክ ነው። ፖሊስ ታሪኩን እንዳያጣራም ይሆናል። ሁለቱንም አሰብኩ፤ ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። ጠመንጃው ለፖሊስ ተሰጥቶ ተሰባበረ። ከዚያ በኋላ ደምሰው ቅዳሜ ቅዳሜ እቤት መዋል ጀመረ፤ ቴሌቪዥን ከፍቶ አያየውም፤ እኔም ቴሌቪዥኑን ትቼ እሱን አየዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለምን አሁን አወራለሁ? ሊያ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ አምስተርዳም ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። አንድ እሑድ ምሳ ልትበላ መጣች። አባቷን አንተ ነው የምትለው፤ እዚህ ያደገ ልጅ እንደዚያ ነው፤ ተቆጥቼም ተለማምጬም አልተሳካልኝም። ምግቡ እንደቀረበ ሹካዋን አስቀመጠች።

«አባ፣ አትቆጣ እሺ? ሪዘርቪስት ልሆን ነው። ሥራዬን አልለቅም፤ ዊክኤንድ ዊክኤንድ ነው፤ ነርስ ይፈልጋሉ።»

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩ።

«ውትድርና ነው» አለ ደምሰው። ፊቱ ተለወጠ። «ነርስም ቢሆን ጠመንጃ ያስይዙሻል።»

«ተኩስ ያስተምሩኛል፣ አዎ። አንተስ ሠራዊት ውስጥ አልነበርክም?»

«ሹፌር ነበርኩ» ብሎ ጀመረ። «ከዚያ በፊት ማሠልጠኛ ውስጥ ተኩስ አስተምር ነበር። የምንተኩሰው...» ቀጥሎ የሚመጣውን እኔም በልቤ አብሬው እላለሁ።

ሊያ አቋረጠችው። «ኧርልክ ንገረኝ አባ፣ እውነቱን። ሰው ገድለህ ታውቃለህ?»

ወታደር ነበርክ ወይ፣ ተኩሰሃል ወይ፣ ዋሽተኸኛል ወይ ብዬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ዙሪያውን ስዞረው ይህችን አንዲት ጥያቄ ግን ከአፌ አላወጣኋትም። ልጄ አገር ቤት ያላደገች ስለሆነች ዝም ብላ ጠየቀችው። ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ጎረቤቶቻችን አማርኛ እንደማይሰሙ አውቃለሁ፤ ግን ዘጋሁ።

ደምሰው እጁን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። «ገደላማ ቦታ ነው» አለ። «ታች ምንጭ አለ። ምንጭ አይደለም፣ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ዝናብ ሲሆን ሞልቶ ምንጭ ይመስላል። እኔ ላይ ነኝ፤ በግራ በኩል። አይ፣ መጀመሪያ በቀኝ ነበርን፤ ኋላ ነው ወደ ግራ የዞርነው። ከታች ወጥቶ ውኃ የሚቀዳ ሁሉ የጠላት ወገን ነው ተብለናል። ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። መሣሪያ የያዘ ነበረ፤ እሱ እውነት ነው። ጀሪካን ብቻ የያዘም ነበረ። ከሩቅ ደግሞ ልዩነቱ...» ቆመ። «አይታይም ልል ነበር። ይታያል። ጠመንጃዬ አቅራቢ መነጽር ነበረው።»

«ስንት ሰው?» አለች ሊያ። ድምፅዋ የነርስ ድምፅ ነበር፤ በሽተኛን የት ያምሃል ብላ የምትጠይቅበት።

«አላውቅም እያልኩ ነው የኖርኩት። አውቃለሁ።» ቁጥሩን ግን አልተናገረም፤ እሷም አልደገመችም። «ኮር ያን ጠመንጃ ሲሰጠኝ መጀመሪያ መያዙን ፈራሁ። ከዚያ ደስ አለኝ። እርሳሱን ራሴ አቀልጣለሁ፤ ራሴ አፈሳለሁ፤ ወረቀቱ ላይ እተኩሳለሁ። ወረቀት አይወድቅም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ምንም አልወደቀም።»

ሊያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ማማ፣ ታውቂ ነበር?»

«እጠረጥር ነበር» አልኳት።

ያን ዕለት ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ አመንኩት። ግራና ቀኙን አምታታ፤ ምንጩን ጉድጓድ፣ ጉድጓዱን ምንጭ አደረገ፤ ቃሉ ከበፊቱ አንዱም አልገጠመም። አመንኩት፤ ባላምነው ግን እንዴት በወደድኩ። ስጠረጥረው ቢያንስ «ምናልባት» የሚባል ነገር ነበረኝ፤ ሊያ ጥርስ ስታወጣ አቅፏት ያደረው፣ እናቴ የሞተች ጊዜ ወለሉ ላይ አብሮኝ የተቀመጠው ሰው ምናልባት ንጹሕ ይሆናል እል ነበር። አሁን ግን ያቀፋት ያ እጅ መሆኑን አወቅኩ። ልጠላው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ልምረው አሰብኩ፤ እሱ ደግሞ የእኔ ሥልጣን አይደለም።

ምግቡ ቀዘቀዘ። ደምሰው ማንንም ሳያይ «ውኃ ስጡኝ» አለ። ሊያ ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት። ከቧንቧው ቀድቼ አመጣሁና ፊቱ አኖርኩለት። ብርጭቆውን አየው እንጂ አልነካውም። እኔም አልተቀመጥኩም፤ አንስቶ እስኪጠጣ ድረስ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩት።